የጓያ ገለፈት

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር እንዲያደርግ የተመደበው ወጣት ኃላፊ ስለ እኔ ከዚህም ከዚያም ጠይቆ ኖሮ፣ «በወጣትነታቸው በፎገራ ሜዳ ገበሬውን ስለ ጓያ ያስተማሩ ሰው ናቸው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አዲሱን ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ስቤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በደግነት ነው የተናገረው። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» ብትለኝ «ደክሞኝ ነው» ብዬ አለፍሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ የገፋፋኝ ያ ጭብጨባ ነው። ያልሆነውን እያጨበጨቡልኝ ከምቀመጥ የሆነውን እኔው ላውራው።

ሥራዬ ዕፅዋት መቁረጥ ነበር። መጥረቢያ በሐሳባችሁ የመጣባችሁ ተሳስታችኋል፤ የምቆርጠው በምላጭ ነው። የጤፍ አገዳ፣ የኑግ ግንድ፣ የባቄላ ሥር፣ የመጣልኝን ሁሉ አሳስቼ እቆርጥና በመስተዋት ላይ አስተኝቼ በማይክሮስኮፕ ውስጡን አያለሁ፤ ለሚያሻውም አሳያለሁ። ለስላሳ አገዳ እንዲሁ ከተቆረጠ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ከሐይቅ ዳር የሚበቅለው ደንገል ይላጥና ነጩ ሆዱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አገዳው በመሐል ይገባና ሁሉም ባንድነት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይያዛል። ምላጩ በውሃ ይርሳል። ወደ ራስ ይሳባል እንጂ ወደ ፊት አይገፋም፤ ከተጀመረም መሐል ላይ አይቆምም። ከተቆረጠው መካከል የሚፈለገው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ጥላ የሌለው ነው።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ከሥር ውሃ የሚያወጡት ቧንቧዎች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ከቅጠል ምግብ የሚያወርዱት ቀጫጭኖቹ ከጎናቸው ይደረደራሉ። ግንዱን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት፣ ግድግዳቸው የወፈረው ሕዋሳት ደግሞ እንደ አጥር ዙሪያውን ይከብባሉ። አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ባንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ኅብረ ሕዋስ የምንለው ያንን ሰፈር ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን ረስቼ ዋልሁ።

ምላጭ አያያዝ ያስተማሩኝ ጋሽ ይግዛው ይባላሉ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብሁበት ጣቢያ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ነገራቸውም አጭር ነው። ጠዋት ከማንም ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጡ ምላጫቸውን በአሮጌ የቆዳ መታጠቂያ ላይ ያመላልሱታል፤ ከዚያ የክንዳቸውን ፀጉር ይላጩበታል። ከላጨ «እንደምን አደርህ» ይሉኛል፤ ካልላጨ እኔም ሰላምታዬን እስኪላጭ መጠበቅ አለብኝ። በዚህ ምክንያት የግራ ክንዳቸው ሁልጊዜ መላጣ ነበር።

ሁለት ነገር አጥብቀው ይዘዋል። አንደኛው፣ ያየኸውን ሳትስለው ስም አታውጣለት የሚለው ነው። «ስም ካወጣህለት በኋላ የምታየው ስሙን ነው» ይሉ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ወንድሙንም ቁረጠው» የሚለው ነው። የታመመ ኑግ ከመጣ ጤነኛ ኑግ አብሮ ይቆረጣል። አንድን ፍሬ ቀለም ነክሬ ከሆነ የማይጎዳ ዘመዱም በዚያው ቀለም፣ በዚያው ሰዓት መነከር አለበት። ወንድሙን ሳልቆርጥ ከመጣሁ መስተዋቴን ሳያዩ ይመልሱልኛል። «የአንዱን ብቻ ወሬ ሰምተህ ትፈርዳለህ?» ይሉኛል። ያኔ ነገረኛ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ተዛወርሁ። ደመወዙ እዚያው በነበረበት ነው፤ የተጨመረልኝ የወባ ክኒን ብቻ ነው። ጣቢያ ተባለ እንጂ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ከሚለያይበት አጠገብ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረች። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ማይክሮስኮፑ ስለሚንቀጠቀጥ መኪናው እስኪርቅ እጄን አጣጥፌ እቆያለሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። አለቃዬ ውጤት ቶሎ የሚወድ ሰው ነበር። ጠዋት የሰጠኝን ከሰዓት በኋላ «ታዲያ ምን ተገኘ?» ይለኛል።

የመጀመሪያው ዓመት ቀናኝ። ሥር የሌለው፣ ቢጫ ክር የመሰለ አረም በኑጉ ላይ ተጠምጥሞ ያደርቀው ነበር። ገበሬው ከሰማይ የወረደ ቁጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኑጉንና ክሩን ከተጣበቁበት ላይ አንድ ላይ ቆርጬ ብመለከት ክሩ ምላሱን እስከ ምግብ ቧንቧው ድረስ አስገብቶ ይጠባል። ለገበሬዎቹ አሳየኋቸው፤ አረሙ ሳያብብ ከነኑጉ እየነቀሉ አቃጠሉት፤ የቀረው ኑግ ዳነ። ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑን መነጥር ብለውት፣ በገበያ ሳልፍ «ባለ መነጥሩ» እያሉ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። ደረቴ ተነፋ። የተነፋ ደረት ይዤ ነው ወደ ጓያው የገባሁት።

ጓያን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአተርና ከሽምብራ ወገን ነው። ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ጎርፍም ድርቅም አይፈራም። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ አለ። ሰው እሱን ብቻ እየበላ ወራት ከቆየ ግን እግሩን ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘውም አይለቀውም። አገሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል። በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። አገሬው የሚሰብረው ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ብሎ ስለሚያምን ሴቶቹ ድስቱን ከድነው ፊታቸውን አዙረው ይቀቅሉታል፤ ወንድ ልጅም በምድጃው አጠገብ አያስቀምጡም።

ጤፉን ጎርፍ የወሰደበት ዓመት መጣ። በየቤቱ የቀረው ጓያ ሆነ። አለቃዬ ከጓያው ውስጥ መርዙ የትኛው ሰፈር እንዳለ ፈልግ አለኝ። ፍሬውን አርሼ ቆረጥሁና የብረት ጨው በሟሟበት ውሃ ነከርሁት። ክኩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ገለፈቱ፣ የላይኛው ልጣጩ፣ ግን ዙሪያውን እንደ ከሰል ጠቆረ። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳልስለው ስም አወጣሁለት፤ መርዝ አልሁት። ወንድሙን ሽምብራን አልቆረጥሁትም። ጋሽ ይግዛው ትዝ ሳይሉኝ ቀርተው አይደለም፤ ትዝ ብለውኝ «አሁን እሳቸው የሉም» ብዬ ነው።

አለቃዬ ደስታውን አልቻለም። በእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ማይክሮስኮፑን በበቅሎ አስጭነን ርብ አጠገብ ወዳለው ደብር ሄድን። ምእመኑ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተቀምጦ እየተነሣ ተራ በተራ አየ። ቄሱም አዩ። እኔም አስተማርሁ፤ መርዙ ጥቁሩ ገለፈት ነው፤ በደረቁ በወፍጮ ከክታችሁ ገለፈቱን በሰፌድ አበጥራችሁ ጣሉት፤ ክኩን ያለ ስጋት ብሉ አልሁ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ቀጠን ያሉ እናት ተነሡ። ወይዘሮ ብርቄ ይባላሉ። ባላቸው ሞተው ፈንታሁን የሚባል አንድ ልጃቸው እያረሰ ያኖራቸዋል። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ከፋሲካ በኋላ ሊዳር ቀን የተቆረጠለት ጎረምሳ ነው።

«እኛ እኮ ዘፍዝፈን አሳድረን፣ ውሃውን ደፍተን ነው የምንሠራው» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። «ገለፈቱ እንዲላላ። እሱሳ?»

«እንዳትዘፈዝፉ» አልሁ። «ውሃው መርዙን ከገለፈቱ ወደ ክኩ ያስገባዋል።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም አላስተማረኝም፤ በምላጭም አላየሁትም። ጥያቄ ስለመጣ መልስ ሰጠሁ፤ በቃ።

«እንፋሎቱሳ?» አሉ።

ሳቅሁ። «እንፋሎት ውሃ ነው እናቴ። ውሃ ሰው አይሰብርም።» ፈንታሁንም ሳቀ፤ ሰዉም ሳቀ። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ።

የተናገርሁትን ከሁሉ አጥብቀው የያዙት እሳቸው ነበሩ። በዚያ በጋ መዘፍዘፍ ተዉ። ልጃቸው ከእርሻ ሲመለስ ጠግቦ ይበላ ዘንድ ያንን ነጭ ክክ ጠዋትም ማታም አቀረቡለት። ሌላ የሚቀርብም አልነበረም።

ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ጠዋት ከቢሮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከመንደራቸው በእግር ነው የመጡት፤ እግራቸው እስከ ቅልጥማቸው አቧራ ነው። አለቃዬ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ልጄን ሰበረብኝ» አሉኝ። «ትላንትና ማለዳ ሊነሣ ቢል እግሩ እንጨት ሆነ። ጣቱ እንጂ ተረከዙ መሬት አይነካለትም። እርስዎ እንዳሉት ነው ያደረግሁ። ገለፈት አንድም አላስቀረሁበት።»

አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ገባኝ፤ ስንት ሰው ሰምቶናል፣ ወደ ላይስ ምን ብለን ጽፈናል ነው። ያን ጊዜ አፌ የተናገረውን ልጻፈው፤

«ስትቀቅዪ ክዳኑን ከፍተሽ ነበር?»

አንቺ አልኋቸው፤ እናቴ የሚሆኑትን ሴት። እንፋሎት ሰው አይሰብርም ብዬ በደብሩ ደጃፍ የሳቅሁት ሰው ነኝ የጠየቅሁት። እሳቸው ግን ስለ ሳቁ ምንም አላነሡም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው አሰቡ።

«አንድ ቀን ጎረቤት ጠርታኝ ወጥቼ...» አሉ ቀስ ብለው። «ወጡ ሲገነፍል እሱ ነው ክዳኑን ያነሣው። ኸምድጃው ሥር ተቀምጦ ነበር።»

«እንግዲህ እሱ ነዋ» አልሁ።

አለቃዬ ተነፈሰና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ወይዘሮ ብርቄ ለጥ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ሴትዮዋ አመስግነውኝ ነው የሄዱት።

በማግሥቱ ሽምብራ ቆረጥሁ። በዚያው ውሃ ነከርሁት፤ ገለፈቱ እንደ ጓያው ጠቆረ። ባቄላ ቆረጥሁ፤ ጠቆረ። ያጠቆረው መርዝ አልነበረም፤ አፍ የሚያኮማትረው፣ ቆዳ ፋቂዎችም ከዛፍ ልጣጭ አውጥተው ቆዳ የሚያለፉበት ነገር ነው፤ በብዙ ፍሬ ገለፈት ላይ አለ፤ ሰውም አይጎዳም። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አንዲት እፍኝ ሽምብራ ነው። መርዙ የት እንዳለ አላወቅሁም፤ ባሳየሁበት ቦታ እንዳልሆነ ግን አወቅሁ። ምናልባትም የሚደፋው ውሃ ሲጠቅማቸው ኖሮ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠርሁ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? በየመንደሩ ዞሬ «አዲስ መመሪያ መጥቷል፤ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ከእህል ቀላቅሉ» አልሁ። መመሪያ የሚባል ነገር አልመጣም። ተሳስቻለሁ ማለት ከብዶኝ መንግሥትን አስመጣሁ። በዚያ በጋ የተሰበረው ፈንታሁን ብቻ አልነበረም፤ ስንቱ በእኔ ምክር፣ ስንቱ ያለ እኔ ምክር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ።

ስለ ክዳኑ ግን አዲስ መመሪያ አላመጣሁም። ባለ መነጥሩ ራሱ እንፋሎት ነው አለ ተብሎ በሜዳው ሁሉ ተወራ። እናትየው ልጃቸውን በበቅሎ ጭነው በሐሙሲት በኩል ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲወስዱት በመስኮት አየኋቸው። በእግራቸው ከኋላ እየሄዱ ወገቡን ደግፈውታል። ፍል ውሃው አልረዳውም። የእጮኛው ወላጆች ቃላቸውን አፈረሱ። እሱም ከእናቱ ቤት ወጣ፤ «ድስት ክፍት ትታ ሰበረችኝ» ብሎ ከእጇ እህል አልቀምስም አለ።

ኋላ ልብስ ስፌት ተምሮ ወረታ መንገድ ዳር በእጅ የምትዞር መኪና ይዞ ተቀመጠ። ሁለት ከዘራው ከጎኑ ተጋድሞ ይውላል። እኔም ደንበኛው ሆንሁ። ያልተቀደደ ሱሪ ወስጄ «እስቲ አጥብቅልኝ» እለዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እወስዳለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይኸ ልብስ ምንም አልሆነም እኮ» አለኝ። እኔም «እንዲሁ ይሁን» ብዬ ከፍዬው ሄድሁ። ዓመት ዓመትን ወለደ።

ስድሳዎቹ ከተጋመሱ በኋላ ከትልቁ ጣቢያ አንድ ተመራማሪ መጣ። ስለ ጓያ ሲያወራ እንደ ቀላል ነገር ነው ያነሣው፤ መርዙ ያለው በሚበላው በክኩ ውስጥ ነው፤ መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት ከፊሉን ያወጣዋል፤ እንፋሎቱ ምንም አይደለም አለ። ሌሎቹ ጻፉ። የጠረጠርሁት እውነት ሆኖ ተነገረኝ። ዝም ለማለት እስከዚያ ቀን «ማን ያውቃል» የሚል ሰበብ ነበረኝ፤ ከዚያ በኋላ እሱም ጠፋ። ይባስ ብሎ የዝውውር ትእዛዜ ደረሰ። ሳልናገር መኪና ላይ ብወጣ ዕድሜ ልኬን አልናገርም ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ፈንታሁን ዘንድ ሄድሁ፤ እሱ ይቀልለኛል ብዬ ነው። ቆሜ ነገርሁት፤ ገለፈቱ እንዳልነበር፣ መዘፍዘፉን ያስተውሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ክዳኑን የጠየቅሁት በእናቱ ላይ ለማላከክ እንደሆነ። የመኪናዋን መዘውር በመዳፉ አቆመ። 

«እኔ እኮ እንፋሎት አላምንም ነበር» አለ። «እርስዎ ሲስቁ አብሬ ስቄ። ኋላ እርስዎ አሉ ሲባል ነው ያመንሁ።» ከዚያ «ለእናቴ ነግረዋታል?» አለኝ።

«አሁን መሄዴ ነው።»

«ይሂዱ። እኔም እመጣለሁ» አለና የሚሰፋውን ያጣጥፍ ጀመር።

ወይዘሮ ብርቄ ከደጃፋቸው እህል ያሰጣሉ። አርጅተዋል። «ግቡ ጌታዬ፣ ግቡ» ብለው ቁርበት አነጠፉልኝ፤ ጠላም ቀዱልኝ። ጠላውን ሳልቀምስ ተናገርሁ። ለልጃቸው የነገርሁትን ሁሉ፣ ምንም ሳላስቀር። እሳቸው ካሰጡት እህል ጠጠር እየለቀሙ ሰሙኝ።

«ታዲያ እንፋሎቱሳ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምንም አላደረገም።»

«ክዳኑሳ?»

«ክዳኑም። እርስዎ አንዳች አላጠፉም።»

«ያን ዕለት ስለ ክዳኑ መጠየቅዎሳ?»

«ራሴን ለማዳን ነው» አልሁ።

ጠጠሯን ከእጃቸው ጣሉ። «ፈንታሁን ሰምቷል?»

«ሰምቷል። እመጣለሁ ብሏል።»

ይህን ሲሰሙ ሊነሡ ሞከሩ፤ እሳት ሊያነዱ፣ የሚቀምሰው ሊያሰናዱ። ጉልበታቸው አልታዘዘላቸውም። ምሰሶውን ይዘው፣ እንደገና ተቀምጠው፣ እንደገና ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ በዘዴ አለፉኝ። ጉልበትዎን ምን ነክቶት ነው አልኋቸው። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ እንጂ እርጅና መስሎኝ ነበር።

«የነፍስ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ» አሉ። «ልጄን በእጄ ሰብሬ የለ? ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድሁ። ቀኖናሽ አልቋል፣ በቃሽ ቢሉኝም አልተውሁ። ልጄ እንዲያ እየሄደ ለኔ እንዴት ብሎ ይበቃኛል? ሌሊት ሌሊት ስሰግድ ኖርሁ እስተ ዛሬ።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። ከዚያ በእርግጥ ማወቅ የፈለጉ ሰው ሆነው፣ ያለ ቁጣ ጠየቁኝ።

«ያላጠፋሁ ኸሆነ፣ ያ ሁሉ ስግደት የማን ነው ታዲያ?»

ሁልጊዜ መልስ የማያጣው አፌ ያን ቀን ተዘጋ። እሳቸው ራሳቸው ጥቂት አስበው አገኙት።

«እንግዲያ እግዜር ለእርስዎ ይቁጠርልዎ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መልሰውም ጭራሮ ይሰብሩ ጀመር።

እንዲህ ሲባል አሜን ይባላል። እኔ አላልሁም። እንዴት ብዬ ልበል።